ያገለገለ ጎልፍ ጂቲአይ ስንት ሊከፈልበት ይገባል?

በዱባይ ራስ አል ኾርም ሆነ በሻርጃ ሱቅ አል ሐራጅ የመኪና ገበያ፣ በአንድ ዓመት የተሠሩ፣ አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸውና ተመሳሳይ ሞተር የተገጠመላቸው ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው፣ ዋጋቸው በብዙ ሺህ ድርሃም ተለያይቶ ቢገኝ እንግዳ ነገር አይደለም። የልዩነቱ ምክንያት ብዙውን ጊዜ ከውጭ አይታይም። ያለው በመኪናው ታሪክ፣ በመጣበት አገር፣ በተደረገለት እንክብካቤና ገዢው ከተረከበው በኋላ በሚጠብቀው ወጪ ውስጥ ነው።

ይህ ጉዳይ በተለይ አነስተኛ የስፖርት ሃችባክ ለሚገዙ ሰዎች ክብደት አለው። ሃችባክ የሚባለው የኋላ በሩ ከመስታወቱ ጋር ወደ ላይ የሚከፈት አጭር የቤት መኪና ሲሆን፣ የስፖርት ዓይነቱ ከውጭ ሲታይ ከተራው ብዙም ሳይለይ ጉልበተኛ ሞተር ይይዛል። እንዲህ ያለው መኪና ወጣቶችን ይማርካል፤ ብዙ ጊዜም በኃይል ይነዳል። ከደመወዙ ላይ በየወሩ እየቀነሰና ለቤተሰቡ ከሚልከው እየለየ ገንዘብ ላጠራቀመ ሠራተኛ፣ በዋጋ አተማመን ላይ የሚፈጸም ስህተት የአንድ ዓመት ቁጠባ ሊያሳጣ ይችላል።

ተገቢው ዋጋ ሻጩ የጠየቀው አይደለም፤ ሻጩ ራሱ መኪናውን ሲገዛ የከፈለውም አይደለም። ተገቢው ዋጋ፣ ተመሳሳይ ዕድሜና ርቀት ያለው ጤነኛ መኪና በገበያው ከሚያወጣው ገንዘብ ላይ፣ ይህንኑ መኪና ጤነኛ ለማድረግ የሚያስፈልገው ወጪ ተቀንሶ የሚቀረው ነው። ይህን ሒሳብ ገዢው መሥራት ያለበት ደግሞ መኪናውን አይቶ ልቡ ከመማረኩ በፊት ነው።

አንድ ስም፣ ብዙ ዓይነት መኪና

ለዚህ ማብራሪያ ምሳሌ ሆኖ የቀረበው በባህረ ሰላጤው አገሮች በስፋት የሚታወቀው ፎልክስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ ነው። የመጀመሪያው ጂቲአይ እ.ኤ.አ. በ1975 በፍራንክፈርት የመኪና ትርዒት ለሕዝብ ታይቶ በ1976 ለሽያጭ ቀረበ። 1.6 ሊትር ሞተሩ 110 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ኩባንያው መጀመሪያ ያሰበው 5,000 መኪኖችን ብቻ ለማምረት ነበር፤ ፈላጊው ግን ከታሰበው እጅግ በልጦ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተላለፈ እስካሁን ዘልቋል።

ዛሬ ባገለገሉ መኪኖች ገበያ ብዙዎች የሚፈልጉት እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2020 የተመረተውን ሰባተኛውን ትውልድ ነው። ባለ ሁለት ሊትር ቱርቦ ሞተሩ ሲጀምር 220 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ከ2017ቱ ማሻሻያ በኋላ ደግሞ መነሻው 230 ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2020 የተዋወቀው ስምንተኛው ትውልድ ሲጀምር 245 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ስለዚህ «ጂቲአይ» የሚለው ስም ብቻውን ስለ ዋጋ የሚናገረው ጥቂት ነው። ገዢው በመጀመሪያ ትውልዱን፣ የተሠራበትን ዓመትና የዕቃ አሟላሉን ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል።

የማስታወቂያ ዋጋና የገበያ ዋጋ

በማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ቁጥር የሻጩ ምኞት ነው። የገበያውን እውነተኛ ዋጋ ለማግኘት ቢያንስ አምስት ተመሳሳይ መኪኖችን መርጦ፣ ዓመታቸውን፣ የሄዱበትን ኪሎ ሜትርና የተጠየቀባቸውን ዋጋ በወረቀት ላይ ማስፈር ይጠቅማል። ከዚያም ቁጥሮቹን ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሮ መካከለኛውን መውሰድ ነው። አማካይ ከማውጣት ይልቅ መካከለኛውን መውሰድ የሚመረጠው፣ ከመጠን በላይ የተጋነነ ወይም በአጠራጣሪ ሁኔታ የረከሰ አንድ ማስታወቂያ ስሌቱን እንዳያዛባ ነው።

ማስታወቂያዎቹን ለሦስት ወይም ለአራት ሳምንታት መከታተልም ብዙ ያስተምራል። በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚጠፋ ማስታወቂያ፣ የተጠየቀው ዋጋ ገበያው ሊከፍል ከፈቀደው ጋር መቀራረቡን ይጠቁማል። ለሳምንታት ሳይነሳ የቆየና በየጊዜው የሚቀንስ ዋጋ ግን ሻጩ ገና ከገበያው ጋር አለመስማማቱን ያሳያል። አገር ለቅቆ ለመሄድ የተዘጋጀ ሰው መኪናውን ቅናሽ አድርጎ መሸጡ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን «በአስቸኳይ የሚሸጥ» የሚለው ቃል ብቻውን መኪናው ጤነኛ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም።

ከግለሰብና ከነጋዴ የሚገዛ መኪና ዋጋም እኩል አይደለም። ነጋዴው የቦታ ኪራይ፣ የሠራተኛ ደመወዝና ትርፍ ያስባል። በተጨማሪም በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2018 ጀምሮ የ5 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ በሥራ ላይ ይገኛል። ያገለገለ መኪና የሚሸጥ የተመዘገበ ነጋዴ፣ መስፈርቱን ሲያሟላ ታክሱን በሙሉው ዋጋ ላይ ሳይሆን በትርፉ ላይ ብቻ ማስላት የሚችልበት አሠራር አለ። ገዢው የተነገረው ዋጋ ታክሱን ያካተተ መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅና መልሱንም በጽሑፍ መያዝ ይገባዋል። በነጋዴ የቀረበ መኪና በዋጋ ከፍ ቢል እንኳ የጽሑፍ ዋስትና ካለው ልዩነቱ አንዳንድ ጊዜ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ዋስትና ሳይኖረው የነጋዴ ዋጋ መክፈል ግን ምክንያት የለውም።

መኪናው ለየትኛው ገበያ ተሠራ?

በባህረ ሰላጤው ገበያ ዋጋን በጉልህ ከሚለያዩ ነገሮች አንዱ መኪናው ለአካባቢው የተሠራ መሆኑ ወይም ከሌላ አገር መግባቱ ነው። ለባህረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ መኪኖች የሞተር ማቀዝቀዣቸውና የአየር ማቀዝቀዣቸው የአካባቢውን ሙቀት ታሳቢ ያደረገ ነው። በአገሩ ወኪል የተሸጡ በመሆናቸው የጥገና መዝገባቸውን ማግኘትም ይቀላል።

ከሰሜን አሜሪካ ከሚገቡ መኪኖች መካከል ደህና የሆኑ አሉ። ሆኖም በርካታዎቹ በአደጋ ወይም በጎርፍ ምክንያት የመድን ድርጅቶች ከጥቅም ውጭ ብለዋቸው በሐራጅ የተሸጡ፣ ከዚያም እዚህ ተጠግነው ለገበያ የቀረቡ ናቸው። በዚህም የተነሳ ከውጭ የገባ መኪና ሲሸጥ በርከት ያለ ቅናሽ ይደረግበታል፤ አንዳንድ የመድን ኩባንያዎችም ሙሉ ሽፋን ለመስጠት ያመነታሉ። ከውጭ የገባን መኪና በአካባቢው መኪና ዋጋ የገዛ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው በገዛበት ዕለት ነው፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ግን ሲሸጠው ይሆናል።

ልዩነቱን ለማወቅ የሚረዳው የመጀመሪያ ምልክት 17 ቁጥሮችና ፊደላት ያሉት የሻንሲ ቁጥር ነው። የመጀመሪያው ምልክት መኪናው የተሠራበትን አገር ያመለክታል፦ 1፣ 4 እና 5 የአሜሪካ፣ 2 የካናዳ፣ 3 ደግሞ የሜክሲኮ ናቸው። ለሰሜን አሜሪካ ገበያ የቀረቡት የሰባተኛው ትውልድ ጎልፍ ጂቲአይ መኪኖች በሜክሲኮ ፑዌብላ ፋብሪካ የተሠሩ በመሆናቸው ቁጥራቸው በ3 ይጀምራል። ጀርመን የተሠሩት ግን «ደብልዩ» በሚለው የላቲን ፊደል ይጀምራሉ። በመስታወቱ ሥር፣ በበሩ ምሰሶና በምዝገባ ካርዱ ወይም በሙልኪያው ላይ ያሉት ቁጥሮች አንድ መሆናቸውን ማመሳከርም ያስፈልጋል።

ሌላው ጥንቃቄ የርቀት መለኪያውን ይመለከታል። ለአሜሪካ የተሠራ መኪና ርቀትን የሚቆጥረው በማይል ነው። 60,000 የሚል ቁጥር በማይል ከሆነ ከ96,000 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። ማስታወቂያው «60,000» ብሎ ዝም ካለ መለኪያው ምን እንደሆነ መጠየቅ የገዢው ድርሻ ነው።

የአደጋና የውኃ ታሪክ

በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ አደጋ የደረሰበትን መኪና ለመጠገን የፖሊስ ሪፖርት ስለሚያስፈልግ፣ ብዙ አደጋዎች በመዝገብ ላይ ይገኛሉ። «ኤሚሬትስ ቪሂክል ጌት» በተሰኘው የኤሌክትሮኒክ አገልግሎት በሻንሲ ቁጥር የአደጋ ታሪክ መፈለግ ይቻላል። ይሁን እንጂ መዝገቡ ንጹሕ ሆኖ መገኘቱ ብቻ በቂ አይደለም። ወደ አገሩ ከመግባቱ በፊት በሌላ አገር የደረሰው አደጋ በዚህ መዝገብ ላይ አይገኝም። ሳይመዘገብ በግል የተጠገነ ጉዳትም እንዲሁ። ስለሆነም የቀለም ውፍረት የሚለካ መሣሪያ ባለው ገለልተኛ ጋራዥ ማስመርመር የግድ ነው። የምርመራው ክፍያ ጥቂት መቶ ድርሃም ሲሆን፣ ከዚህ ሁሉ ወጪ ውስጥ ትልቁን ጉዳት የሚከላከለው ይኸው ነው።

የውኃ ጉዳት ከአደጋ ይልቅ ተደብቆ ይቆያል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 16 ቀን 2024 በአገሪቱ የጣለው ዝናብ፣ መረጃ መያዝ ከተጀመረበት ከ1949 ወዲህ ከፍተኛው ነበር፤ በአል ዓይን ኸትም አል ሸክላ በተባለው ሥፍራ ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከ254 ሚሊ ሜትር በላይ ተመዝግቧል። በዚያን ወቅት በጎዳናዎችና በምድር ቤት ማቆሚያዎች የነበሩ ብዙ መኪኖች በውኃ ተውጠዋል። በውኃ የተጎዳ መኪና ታጥቦና ደርቆ ከውጭ አዲስ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹና የመቆጣጠሪያ ሣጥኖቹ ከወራት በኋላ መበላሸት ይጀምራሉ።

ምልክቶቹን ለማግኘት ከወንበሮቹ ሥር ያሉትን ሐዲዶች፣ የተቀያሪ ጎማ ማስቀመጫውንና የመቀመጫ ቀበቶዎቹን እስከ መጨረሻው ስቦ ማየት ያስፈልጋል። ደረቅ ጭቃ፣ ያልተለመደ ዝገት፣ የሻገተ ሽታ ወይም ለመደበቅ የተረጨ ኃይለኛ ሽቶ የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ናቸው። ሞተሩ ድረስ ውኃ የገባበት መኪና በየትኛውም ቅናሽ ቢቀርብ ለተራ ገዢ አይሆንም፤ የሚጠብቀውን ወጪ በቁጥር መገመት ስለማይቻል የሚቀነስለት ዋጋም ሊታወቅ አይችልም።

ጉልበት የተጨመረበት መኪና

የስፖርት መኪኖችን ከሌሎቹ የሚለያቸው አንድ ተጨማሪ ስጋት አለ። ብዙ ባለቤቶች የሞተሩን ኮምፒውተር በማስተካከል ከፋብሪካው ከተወሰነው በላይ ጉልበት እንዲሰጥ ያደርጋሉ፤ ማርሚታውን፣ የአየር ማስገቢያውንና ሞላውን ይለውጣሉ። ሻጩ ለዚህ ያወጣውን ገንዘብ ቆጥሮ በዋጋው ላይ ሊጨምረው ይፈልጋል። ለገዢው ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። የተጨመረው ጉልበት ቱርቦውን፣ ፍሪሲዮኑንና ካምቢዮውን ያለ ዕድሜያቸው ያደክማል። ያለ ፈቃድ የተደረገ ለውጥ ደግሞ የቴክኒክ ምርመራን ለማለፍና የመድን ካሳ ለማግኘት እንቅፋት ይሆናል። በአገሪቱ የትራፊክ ደንብ መሠረት ከሚገባው በላይ የሚጮህ ተሽከርካሪ መንዳት 2,000 ድርሃም ሲያስቀጣ 12 የጥፋት ነጥቦችንም ያስመዘግባል።

ስለዚህ ለተደረገ ማሻሻያ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አይገባም፤ እንዲያውም መኪናውን ወደ ፋብሪካው ሁኔታ ለመመለስ የሚያስፈልገው ወጪ ከዋጋው መቀነስ አለበት። ሳይነካ የቆየ፣ አንድ ባለቤት የነበረውና መዝገቡ የተሟላ ጂቲአይ ከሌሎቹ ጥቂት ሺህ ድርሃም ቢበልጥ ልዩነቱ ትርጉም አለው።

ከዋጋው ላይ የሚቀነሱ ጥገናዎች

እያንዳንዱ የመኪና ዓይነት የሚታወቅበት ድካም አለው። በሰባተኛው ትውልድ ጂቲአይ ላይ በስፋት የሚታወቀው የፕላስቲክ ሽፋን ያለው የውኃ ፓምፕና የቴርሞስታት ቤት ማንጠባጠብ ነው። የማቀዝቀዣ ፈሳሽ እየቀነሰ መሄዱና በሞተሩ አካባቢ የደረቀ ባለ ቀለም ቅሪት መታየቱ ምልክቱ ናቸው። በባህረ ሰላጤው ሙቀት ይህን ጉድለት ችላ ማለት ሞተሩን እስከ ማቃጠል ያደርሳል።

ሁለተኛው ካምቢዮው ነው። በዚህ ትውልድ ላይ በስፋት የሚገኘው በዘይት ውስጥ የሚሠራ ሁለት ፍሪሲዮን ያለው ባለ ስድስት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ ነው። ዘይቱና ማጣሪያው በየ60,000 ኪሎ ሜትር መለወጥ ይኖርባቸዋል። ይህ አገልግሎት መሰጠቱን የሚያሳይ ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተደረገ መቁጠር ይገባል። በሙከራ ጉዞ ላይ መኪናው ከቆመበት ሲነሳ የሚንቀጠቀጥ፣ ማርሽ ሲቀይር የሚመታ ወይም ወደ ኋላ ሲገባ የሚዘገይ ከሆነ ጥገናው የብዙ ሺህ ድርሃም ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ጎማ፣ ፍሬንና ባትሪ ናቸው። በጎማው ጎን የታተሙት አራት ቁጥሮች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያሉ፤ ለምሳሌ 2321 ማለት እ.ኤ.አ. በ2021 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ከተመረተ አምስት ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ ያላለቀ ቢሆንም መለወጥ አለበት። ሙቀት ባትሪንም ቶሎ ያደክማል። የስፖርት መኪና የፍሬን ሸራና ዲስክ ደግሞ ከተራው መኪና የበለጠ ዋጋ አላቸው።

ምርመራውን ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ መጀመር ይመረጣል። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀ፣ ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ የሚሰማው ድምፅና የሚወጣው ጭስ አይታወቅም። የአየር ማቀዝቀዣውም በቀትር ሙቀት ቆሞ ሳለ መሞከር ይኖርበታል።

ስሌቱ በቁጥር ሲታይ

የሚከተሉት ቁጥሮች አሠራሩን ለማሳየት ብቻ የቀረቡ ናቸው፤ የዕለቱን የገበያ ዋጋ አያመለክቱም። አንድ ገዢ አምስት ተመሳሳይ የአካባቢ መኪኖችን አግኝቶ ዋጋቸው 52,000፣ 54,000፣ 55,000፣ 57,000 እና 63,000 ድርሃም ነው እንበል። መካከለኛው 55,000 ነው። የመረጠው መኪና በምርመራ ሲታይ አራት ጎማ በ2,000፣ የካምቢዮ ዘይት በ1,200፣ ፍሬን በ1,800 እና የውኃ ፓምፕ በ2,000 ድርሃም የሚያስፈልገው ሆኖ ተገኘ። ድምሩ 7,000 ድርሃም ይሆናል። ይህ ሲቀነስ 48,000 ይቀራል። ምርመራ ያላገኘው ነገር ሊኖር ስለሚችል ከዚህ ላይ 5 በመቶ ማለትም 2,400 ድርሃም ለመጠባበቂያ ቢያዝ፣ የዋጋው ጣሪያ 45,600 ድርሃም ነው። ድርድሩ ከዚህ ዝቅ ብሎ ለምሳሌ ከ43,000 ይጀመራል፤ ከ45,600 በላይ ግን አይታለፍም።

ይህ ስሌት በድርድር ላይም ኃይል አለው። «ቀንስልኝ» ከማለት ይልቅ የጋራዡን ዝርዝር አቅርቦ እያንዳንዱን ወጪ ማሳየት ክርክሩን ከስሜት ወደ ቁጥር ይመልሰዋል። ሻጩ ጥገናውን ራሱ አድርጎ ደረሰኙን ቢያቀርብ የተቀነሰው ገንዘብ ወደ ዋጋው ሊመለስ ይችላል፤ ይህም ለሁለቱም ወገን ሚዛናዊ ነው።

የመግዣ ዋጋ የወጪው መጀመሪያ ነው

በዚያው ምሳሌ፣ ገዢው 45,600 ድርሃም ከፍሎ በ7,000 አስጠገነ፤ በድምሩ 52,600 አወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ35,000 ቢሸጠው 17,600 ድርሃም ወጪ ሆኖበታል፤ ይህም በወር ወደ 733 ድርሃም ነው። መድን በዓመት 2,500፣ መደበኛ ጥገና 3,000 ድርሃም ቢሆኑ በወር ወደ 458 ይጨምራሉ። ስለዚህ መኪናው ቤንዚን፣ የሳሊክ ክፍያና የማቆሚያ ሳይቆጠር በወር 1,191 ድርሃም ገደማ ይወስዳል። ይህን ቁጥር ከወር ገቢና ወደ ቤተሰብ ከሚላከው ገንዘብ አጠገብ አስቀምጦ ማየት፣ ከማንኛውም ምክር የበለጠ ግልጽ መልስ ይሰጣል። መድኑም ከግዢው በፊት መጠየቅ አለበት፤ ለወጣት ወይም ለአዲስ አሽከርካሪ የስፖርት መኪና መድን ከተጠበቀው በላይ ሊሆን ይችላል።

በብድር ለሚገዙ ሰዎች የኤምሬትስ ማዕከላዊ ባንክ ገደብ አውጥቷል። የመኪና ብድር ከመኪናው ዋጋ 80 በመቶ እንዳይበልጥ፣ የመክፈያ ጊዜውም ከ60 ወራት እንዳያልፍ ደንቡ ያዛል። በአጠቃላይም የወር ዕዳ ክፍያ ከገቢው ግማሽ መብለጥ የለበትም። የወለዱ አገላለጽም ጥንቃቄ ይጠይቃል። 40,000 ድርሃም በመነሻው ብድር ላይ በሚሰላ 4 በመቶ ቋሚ ወለድ ለአምስት ዓመት ቢወሰድ፣ ወለዱ 8,000፣ የወር ክፍያው 800 ድርሃም ይሆናል። ዋናው ዕዳ በየወሩ እየቀነሰ ወለዱ ግን በመጀመሪያው መጠን ላይ ስለሚሰላ፣ በቀሪ ዕዳ ላይ ሲለካ እውነተኛው ወለድ 7.4 በመቶ አካባቢ ነው። ባንኮችን ሲያወዳድሩ ሁለቱን አገላለጾች አለመቀላቀል ይገባል።

መውጫውን አስቀድሞ ማሰብ

የሥራ ውል በድንገት ሊያልቅ፣ ነዋሪውም ወደ አገሩ ሊመለስ ይችላል። ቀደም ሲል ብዙ ኢትዮጵያውያን ከባህረ ሰላጤው መኪና ገዝተው ወደ አገር ቤት የመላክ ሐሳብ ነበራቸው። ነገር ግን ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች። በመሆኑም የቤንዚን ጂቲአይን «ቢበዛ ወደ አገር እልከዋለሁ» በሚል ተስፋ ዋጋውን ከፍ አድርጎ መግዛት አያዋጣም። የመኪናው የወደፊት ዋጋ የሚወሰነው እዚሁ ባለው ገበያ ነው። በፍጥነት ለመሸጥ የሚቀለውም የአካባቢ ስሪት የሆነው፣ ያልተለወጠውና የጥገና መዝገቡ የተሟላው መኪና ነው።

ገንዘቡ የሚሰጠው መቼ ነው?

የባለቤትነት ዝውውር በሚካሄድበት ማዕከል ከመድረስ በፊት ሙሉ ክፍያ መፈጸም አይመከርም። ዝውውሩ እንዲከናወን ሻጩ ያለበትን የትራፊክ ቅጣት መክፈል፣ በመኪናው ላይ የባንክ ዕዳ ካለ የመልቀቂያ ደብዳቤ ማቅረብ ይኖርበታል። ገዢው ደግሞ በስሙ የተገባ መድንና የኤምሬትስ መታወቂያውን ይዞ ይቀርባል። ቀብድ የሚከፈል ከሆነ መጠኑ አነስተኛ፣ ደረሰኙም በጽሑፍ የተደገፈ ይሁን፤ በምርመራ ከባድ ጉድለት ቢገኝ ቀብዱ እንደሚመለስ በግልጽ ይጻፍ።

ሁለት ልማዶች በተለይ ብዙ ሰዎችን ለኪሳራ ይዳርጋሉ። አንደኛው፣ የባንክ ዕዳ ያለበትን መኪና ስሙ ሳይዛወር ተረክቦ የሻጩን ወርኃዊ ክፍያ መቀጠል ነው። ሻጩ ከአገር ቢወጣ ወይም ክፍያው ቢቋረጥ ገዢው የከፈለውን የሚያስመልስበት ቀላል መንገድ አይኖረውም። ሁለተኛው፣ መኪናውን በወዳጅ ወይም በዘመድ ስም ማስመዝገብ ነው። በሕግ ፊት ባለቤቱ ስሙ በሙልኪያው ላይ ያለው ሰው ነው፤ ቅጣቱም ተጠያቂነቱም ወደ እርሱ ይሄዳል፤ አለመግባባት ሲነሳም ገንዘቡን ያወጣው ሰው ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። በእነዚህ መንገዶች የሚቀርብ ማንኛውም ዋጋ ርካሽ ቢመስልም ርካሽ አይደለም።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፣ በመኪና ግዢ ላይ ትልቁ ወጪ የችኮላ ወጪ ነው። ጎልፍ ጂቲአይ ብርቅ መኪና አይደለም፤ ዛሬ ያመለጠው ቢኖር በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ለገበያ ይቀርባል። የዋጋ ጣሪያውን በወረቀት ላይ ጽፎ የሄደ ገዢ፣ ሻጩ ከዚያ በላይ ሲጠይቅ አመስግኖ መመለስ አይከብደውም። በዚያች ዕለት ያለ መኪና ወደ ቤቱ ቢመለስም፣ ያጠራቀመው ገንዘብ ከእጁ አልወጣም።